ዘይት የሚያንጠባጥብ አሮጌ መኪና ላላችሁ፣ ማርቆስ ውስጥ ጥሩ መካኒክ አለ

ኮሮላ ዲኤክሳችንን ከዘይት ማንጠባጠብ የገላገለንን የደብረ ማርቆስ መካኒክ እጁን ይባርከው እያልኩ፣ ሥራውንም ልጠቁማችሁ።

ሌላ ጋራዥ «የኋላው ኦይል ሲል ሄዷል፣ ካምቢዮ ይውረድ» ብሎን ነበር። ኦይል ሲሉ፣ ማለትም ከሞተሩ ኋላ ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግደው ቀለበት፣ ራሱ ርካሽ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) የማውረዱ ጉልበት ነው። ይህ ሰው ግን መጀመሪያ ጠብታውን በጣቱ ነክቶ አሸተተው። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ ይላል፤ ይሄ አላለም፤ ስለዚህ የሞተር ነው። የሞተር ዘይት ደግሞ ከላይ አፍስሶ፣ ንፋስ ወደ ኋላ ገፍቶት፣ ታች ካምቢዮው አፍ ላይ ሊንጠባጠብ ይችላል።

ዲስትሪቢዩተሩንና ዲናሞውን በፌስታል ሸፍኖ ሞተሩን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጠበው። ሲደርቅ የሕፃናት ፓውደር ነፋበትና አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቀ። ነጩ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ወጣ፤ መነሻው የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን የኋላ ጥግ ነው።

ጓርኒሲዮኑ (ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ) ሲወጣ እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ክዳኑም ከልክ በላይ ጠብቆ ስለኖረ ጠርዙ ተጣሟል፤ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስተኝቶ በቀላል መዶሻ አቃናው። አዲሱን ጓርኒሲዮን በደረቁ አስገባ፣ ሲሊኮን ጥጉ ላይ ብቻ፣ ያውም ጠብታ ታህል። ዙሪያውን ሲሊኮን የሚለቀልቁ አሉ፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ ኮፓ (የሞተሩ የታችኛው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የፓምፕ ወንፊት ይዘጋል፣ ዘይት ሲያጥር ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ይበላል። ማጥበቂያውንም በአጭር ቁልፍ፣ እየተፈራረቀ ጥቂት በጥቂት። እንዲህ ያለ ክዳን ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን «ለምን አፈሰሰ?» ብሎ መጠየቁ ነው። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በዝቃጭ ተደፍኖ ነበር። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልፎ የሚመጣው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በደካማው በኩል ይገፋዋል፤ ያ ሳይጸዳ አዲስ ኦይል ሲል ቢገባም መልሶ ያፈሳል። ቱቦውን አጥቦ፣ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ አየ። በኃይል ጭስ ቢተፋ ኖሮ ችግሩ ፋሻ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ኦይል ሲል መቀየር ገንዘብ መጣል እንደሆነ እቅጩን ይናገራል፣ አይሸነግልም።

አባይ በረሃን በማርሽ ይዛችሁ ወርዳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ሰማያዊ ጭስ የሚወጣባችሁ ግን የቫልቭ ሲል ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ሌላ ሥራ ነው።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ሞተሩን አታሳጥቡ፤ ዘይቱ ላይ የተጣበቀውን አቧራ መጀመሪያ ማየት ይፈልጋል።