የመኝታ ቤታችንን ቁም ሳጥን ላስተካከለልን የደብረ ብርሃን አናጢ የቀረበ ምስጋና

በደብረ ብርሃን ከተማ በእንጨት ሥራ ለሚተዳደር አንድ ወጣት አናጢ በቤተሰቤ ስም ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ የልብስ ማስቀመጫ ቦታ ለጠበባችሁ የከተማችንና የአካባቢዋ ነዋሪዎችም እርሱን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ በመሆኗ ልብሳችን ብዙም ከባድም ነው። ጋቢው፣ ቡልኮው፣ ብርድ ልብሱ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራው ዝተት፣ በዚያ ላይ የሥራውና የበዓሉ ልብስ ተጨምሮበት የመኝታ ቤታችን ቁም ሳጥን በሩ አልገጥም ብሎ ነበር። አስቀድመን ያማከርናቸው ሰዎች ሁለተኛ ቁም ሳጥን እንድናሠራ ነበር የመከሩን፤ ክፍሉ ግን ጠባብ ነው፤ ሌላ ቁም ሳጥን ከገባበት በአልጋው ዙሪያ ማለፊያ አይኖርም።

ይህ አናጢ ሜትሩን ከማውጣቱ በፊት ልብሱ ሁሉ ወጥቶ አልጋው ላይ እንዲቀመጥ ጠየቀ። ከዚያም እናቴን «እማማ፣ ይህን ዝተት የሚጠቀሙበት መቼ መቼ ነው?» ሲል በትሕትና ጠየቃት፤ እርሷም ውርጭ በሚበረታባቸው ወራት ብቻ እንደሆነ ነገረችው። እያንዳንዱን ልብስ በዚህ መንገድ ከለየ በኋላ፣ ቦታ ያሳጣን የቁም ሳጥኑ ማነስ ሳይሆን ከፍታው መባከኑ እንደሆነ አሳየን። ሸሚዝም፣ ኮትም፣ ረጅም ቀሚስም በአንድ መስቀያ ብረት ላይ ተደባልቀው ስለተሰቀሉ፣ ከአጫጭሮቹ ሥር ያለው ቦታ ባዶውን ይውል ነበር። ሸሚዝ ሲሰቀል አንድ ሜትር ያህል ቁመት ይበቃዋል፤ ረጅም ቀሚስ ግን እስከ 1.5 ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ውስጡን በቋሚ ጣውላ ለሁለት ከፍሎ ጠባቡን ክፍል ለረጃጅሞቹ ተወና፣ በሰፊው ክፍል ላይና ታች ሁለት መስቀያ ብረት ገጠመ። ያው ቋሚ ጣውላ የላይኛውን መደርደሪያም ከመሃሉ ስለደገፈው፣ በብርድ ልብስ ክብደት ጎብጦ የነበረው ችፑድ ተቃንቶ እንዲቀመጥ ሆኗል።

በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚፈለግ ነገር ላይ ይሰቀላል የሚለውን የተለመደ ምክር እንዳለ አለመቀበሉን በተለይ አደንቃለሁ። ዝተቱ ከባድ ስለሆነ፣ እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ እንዳትጎትተው ብሎ ከታች ሰፊ መሳቢያ ሠራለት፤ ላይኛው መደርደሪያ ቀለል ላሉት የበዓል ልብሶች ሆነ። በእጅ የተሸመነ የሐበሻ ቀሚስ ለረጅም ጊዜ ሲሰቀል በክብደቱ ትከሻው ሊለጠጥ ስለሚችል፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎና ታጥፎ ቢቀመጥ እንደሚሻል ነገረን። የሱፍ ልብስን ደግሞ ብል እንዳይበላው ፀሐይ አስመትተንና አራግፈን፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ እንድናስገባው መከረን። የክረምቱ እርጥበት ከግድግዳው ወደ እንጨቱ እንዳያልፍም ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጥቂት አርቆ አቁሞታል።

አዲስ ቁም ሳጥን ሠርቶ ብዙ ገንዘብ መቀበል ሲችል «ያላችሁ ይበቃችኋል» ብሎ አነስተኛውን ሥራ መምረጡ ለሙያው ያለውን ታማኝነት ያሳያል። የተስማማንበትን ዋጋ መሃል ላይ አልጨመረም፤ የሥራውን ብናኝ ጠርጎ ሄደ፤ በኋላም የአንዱ በር ማጠፊያ ሲላላ ስንደውልለት መጥቶ ያለ ክፍያ አጠበቀልን። ዛሬ ሁሉም ልብስ ገብቶ ቦታ ተርፏል፣ እናቴም የምትፈልገውን ያለ ሰው እርዳታ ታወጣለች። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ።

አድራሻውን በግል ለሚጠይቀኝ ሁሉ በደስታ እሰጣለሁ። ለማሠራት የምታስቡ፣ የማትለብሱትን አስቀድማችሁ ለይታችሁ ብታወጡ ልኬቱ ለእናንተም ለእርሱም ይቀላል። በበዓላት ሰሞን ሥራ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ።