ናፍጣዋን ያሪስ ከሞተር ቅየራ ላዳኑልኝ መካኒክ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጎተራ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ለሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም ትንሽ መኪና ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች በናፍጣና በቤንዚን መካከል ከመወሰናችሁ በፊት እንድታማክሯቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸውና ስልካቸው በይፋ እንዳይወጣ አደራ ስላሉኝ እዚህ ላይ «ጋሼ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ አድራሻቸውን እሰጠዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከአውሮፓ የመጣች፣ እ.ኤ.አ. የ2011 ስሪት የሆነች፣ 1.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት ቶዮታ ያሪስ ገዛሁ። ደላላው «ናፍጣ ቆጣቢ ነው፤ አንዴ ከሞላሽ ወሩን ሙሉ ትነጃለሽ» አለኝ፤ ይህ ደግሞ ሐሰት አልነበረም። በስምንተኛው ወር ግን መኪናዋ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣ ጀመር፤ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ፤ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላም ቬንትሌተሩ ለብቻው እየጮኸ ጎረቤት ያስገርም ነበር። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦና ናፍጣ የሚረጩት አራቱም ኢንጀክተሮች ካልተቀየሩ፣ ምናልባትም ሞተሩ በሙሉ ካልተለወጠ እንደማትድን ነግሮ የአምስት ወር ደመወዜን የሚያህል ሒሳብ ጻፈልኝ። የማን ጋራዥ እንደሆነ መናገር አልፈልግም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ሶማሌ ተራ ወርደሽ ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ለእኚህ ሰው አሳዪያቸው» ብላ ወደ ጋሼ ባትልከኝ ኖሮ ገንዘቡን ተበድሬም ቢሆን እከፍል ነበር።

ጋሼ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሕመሟ አልነበረም። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ቀኑን የት ነው የምትውለው?» አሉኝ። ከላምበረት መገናኛ ድረስ ጠዋት ሄጄ ማታ እንደምመለስ፣ መንገዱም በአንድ ጉዞ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ኮፈኑን ከፈቱ፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው በጨርቅ ጠረጉት፤ መልሰው ከተው እንደገና አወጡት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ጣት ያህል አልፎ ነበር። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሽተው አሸተቱትና እኔም እንዳሸት ዘረጉልኝ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። «ሌላው ሰው መኪናዬ ዘይት ጨረሰች ብሎ ይመጣል፣ የአንቺ ግን ትወልዳለች» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያስረዱኝን እንደገባኝ ልጻፈው፤ ብዙ ሰው በዚህ ላይ እንደሚሳሳት ስላየሁ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ እሳት ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ከ16 እስከ 18 እጥፍ አምቆ፣ ከታመቀው አየር በሚገኘው ሙቀት ብቻ ናፍጣው በራሱ እንዲነድ ያደርጋል፤ የቤንዚኑ እመቃ በአብዛኛው ከ10 እጥፍ ብዙም አይርቅም። የናፍጣው ቁጠባ በከፊል ከዚህ ይመጣል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን አሥር በመቶ የሚበልጥ ጉልበት መያዙም ይታከልበታል። ቆጣቢነቱ ግን በከተማ ውስጥ መልሶ ይጎዳዋል፤ ቆሞ ሲሠራ የሚያቃጥለው ነዳጅ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም። እኔ መገናኛ ላይ ሰልፍ ይዤ ግማሽ ሰዓት ስቆም ሞተሩ የሚሞቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከቀዝቃዛነት ሳይወጣ ነበር ቢሮ የምደርሰው።

እንደ እኔ ያሉት የቅርብ ዘመን የናፍጣ መኪኖች በጭስ መውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ሲሞላ የያዘውን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ነው፤ ለዚህም ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ እንዲረጭ ያዛል። ጽዳቱ ሳይጠናቀቅ ሞተሩ ከጠፋ ማጣሪያው እንደታፈነ ይቀራል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ያልነደደው ናፍጣ በፒስተኑ ዳር እየወረደ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። በየቀኑ ማታ የሚጮኸው ቬንትሌተር ያቋረጥኩት ጽዳት ምልክት ነበር ማለት ነው። ቱርቦውም ኢንጀክተሮቹም ደህና ነበሩ።

ጋሼ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀየሩ፤ ከናፍጣው ፊልትሮ ሥር የተጠራቀመውን ውኃ አፈሰሱ፤ ኮምፒውተር ሰክተው ምንም የተሰበረ ነገር እንደሌለ አረጋገጡ። በማግስቱ አብረን ከቱሉ ዲምቱ ገብተን በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ አቅጣጫ ነዳን። ማርሹን ከፍ ሳያደርጉ ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር አካባቢ ይዘው፣ ብዙም ሳያወሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄዱ። ሞጆ ሳንደርስ ቢጫው መብራት ጠፋ። ያስከፈሉኝ የዘይቱን፣ የፊልትሮውንና የእጃቸውን ዋጋ ብቻ ሲሆን አሮጌውን ፊልትሮ በፌስታል አድርገው ከደረሰኙ ጋር ሰጡኝ።

ነገር ግን ከጥገናው ይልቅ ያመሰገንኳቸው ለምክራቸው ነው። ከዘይት ካርቶን ላይ ቀድደው በእስክሪብቶ አሰሉልኝ። በቀን 9 ኪሎ ሜትር፣ በወር 24 ቀን፣ ጠቅላላው 216 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የእኔ ያሪስ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር፣ 1 ሊትር ሞተር ያላት የቤንዚን ቪትዝ ደግሞ 7 ሊትር ብትፈጅ፣ ናፍጣው የሚያተርፍልኝ በወር ሁለት ሊትር ብቻ ነው። «ለሁለት ሊትር ብለሽ ይህን ሁሉ ማጣሪያና ኢንጀክተር ትሸከሚያለሽ?» አሉኝ። የቤንዚኗ ቋሚ ወጪ ካንዴላ፣ ፊልትሮና ዘይት ነው፤ በጣም ከፍተኛ ግፊት የሚሠራው የናፍጣ ኢንጀክተር ግን ውኃና ቆሻሻ በቀላሉ የሚያበላሹት ውድ ዕቃ ነው። አምራቾቹም ይህንኑ ስሌት ሳይሠሩ አልቀሩም። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1999 በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ብቻ የምትፈጅ ሉፖ የተባለች የናፍጣ መኪና አውጥቶ ነበር፤ የጭስ ልቀት ደንቡ እየጠበቀ ሲሄድ ግን ማጣሪያው በርካሽ መኪና ላይ የሚጨምረው ዋጋ ከበደ። በከተማችን ሜትር ታክሲ ሆና የምናያት ዲዛየር አምራች የሆነው የሕንዱ ማሩቲ ሱዙኪም እ.ኤ.አ. በ2020 ናፍጣን እርግፍ አድርጎ ትቷል።

ይህ ማለት ግን ጋሼ የናፍጣ ጠላት ናቸው ማለት አይደለም። ወንድሜ በእህል ንግድ ምክንያት በየሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ይመላለሳል፤ ይነዳ የነበረውም ቪትዝ ስለነበር ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነበር የሚጨርሰው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አንዲት ትንሽ የቤንዚን መኪና አንድ አምስተኛውን ጉልበቷን ቀድማ አጥታ ነው የምትነሣው። የያሪሷ ቱርቦ ቀጭኑን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ይህ ጉድለት እጅግ ይቀንስላታል፤ የማዞር ኃይሏም 205 ኒውተን ሜትር ሲሆን የቪትዟ ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጋሼ ይህን እንደሰሙ «ታዲያ መኪኖቹ ደህና ናቸው፤ የተሳሳተ ቤት ነው እንጂ የገቡት» አሉ። ከወንድሜ ጋር ተስማምተን ስም አዛወርን። እሱ ያሪሷን ከወሰደ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቢጫው መብራት አንድም ቀን አልበራበትም። እኔም በቪትዟ ደስተኛ ነኝ፤ ለዳገት ብቻ ትዕግሥት ትጠይቃለች።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉትን ጠብቀን ማቆየት ግድ ስለሆነብን፣ እንዲህ ያለ ሰው መጠቆም ይገባኛል ብዬ አሰብኩ። ሆኖም ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ይህን ዕወቁ፦ ጋሼ የአካልና የቀለም ሥራ አይሠሩም፤ ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣባቸው «እኔ አልተማርኩትም» ብለው ይመልሳሉ፤ ከአንድ መኪና በላይ በአንድ ጊዜ ስለማይከፍቱ ወረፋ መጠበቅ አይቀርም፤ እሑድ ደግሞ አይገኙም። ከሁሉ በላይ መኪናችሁን ከዋዜማው ወስዳችሁ እዚያው አሳድሩ፤ ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅ ራሳቸው ማዳመጥ ይፈልጋሉና፣ ጠዋት አሙቆ የመጣን ሰው «ነገ ና» ይሉታል።