ሌ ሚዜራብል፦ ሁለተኛ ዕድል ስጡት

ለንደን የምትሄዱ ካላችሁ ሶንድሃይም ቴአትር ገብታችሁ «ሌ ሚዜራብል» የተባለውን የሙዚቃ ቴአትር እዩት። መጀመሪያ ሊሰለቻችሁ ይችላል፣ እኔን አሰልችቶኝ ነበር። ሁሉም ነገር በዜማ ነው፣ ተራ ንግግር እንኳ ይዘፈናል። ከነእረፍቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ታሪኩ ደግሞ ዓመታትን እየዘለለ ስለሚሮጥ ማን የማን ልጅ እንደሆነች ሳትለዩ አንዱ ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ባርቢካን በተባለው የጥበብ ማዕከል ሲከፈትም ብዙ ሃያሲዎች የፈረንሳዊውን ደራሲ የቪክቶር ሁጎን ትልቅ ልቦለድ አቀለለው ብለው ወርደውበታል። ተመልካቹ ግን ትኬቱን መግዛቱን አልተወም።

ጣዕሙ የሚመጣው ስትደግሙት ነው። ዋናው ባለታሪክ፣ የቀድሞው እስረኛ ቫልዣን፣ ከሰረቀው ጳጳስ ምሕረት ካገኘ በኋላ ከራሱ ጋር የሚሟገትበት ዜማ አለ አይደል? ያው ዜማ ኋላ ላይ እሱን የሚያሳድደው ፖሊስ ዣቬር ራሱን ሊያጠፋ ሲል ይመለሳል። አንዱ ምሕረቱን ተቀብሎ ሌላ ሰው ሆነ፣ አንዱ መቀበል አቃተው፣ ሙዚቃው ግን አንድ ነው። ድሃዋ እናት ፋንቲን ስትሞት የሰማችሁትንም ዜማ ኋላ ላይ ፍቅሯ ምላሽ ያጣው ወጣቷ ኤፖኒን ትዘፍነዋለች። ከእረፍቱ በፊት ባለው ክፍል መጨረሻ ሁሉም በየራሱ ጭንቀት አንድ ላይ ሲዘፍን፣ በቃ፣ ጸጉር ያቆማል!

የሌባው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትና የሚስቱ ቀልድ ግን ዛሬም ይረዝምብኛል። የድሮው የሚሽከረከር መድረክም ቀርቷል፤ አሁን ከጀርባ የሚታዩት ሥዕሎች ከሁጎ የራሱ ሥዕሎች መነሻ ተደርጎ የተሠሩ ናቸው፣ ያምራሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት ዘፈኖቹን ቤት ስሟቸው፣ ታሪኩንም አንብቡ።