ለድሮ ሃይሉክስ የናፍጣ ፖምፓ፦ ኦሪጅናል ኤሌትሪክ፣ ኮፒ ኤሌትሪክ ወይስ የእጁ?

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። ጥያቄው አንድ ነው። «ሃይሉክሴ ጠዋት አልነሳ እያለች ነው። ኤሌትሪክ ፖምፓ ላስገባላት? የትኛውን ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት በስልክ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። መኪናዋ የምትሠሩባት ከሆነች ኦሪጅናሉን፣ ዝቅተኛ ግፊት ያለውን ኤሌትሪክ ፖምፓ ግዙ። ብሩ ካልሞላ የእጅ ፖምፓዋን በኦሪጅናል ቀይራችሁ እስኪሞላ ጠብቁ። ኮፒውን ኤሌትሪክ ግን አትንኩት። እኔ ሁለት ጊዜ ገዝቼዋለሁ።

የማወራው ስለ ድሮዎቹ ነው። ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል እና ፋይቭ ኤል ሞተር ስላላቸው። የኔዋ እ.ኤ.አ. የ1995 ደብል ጋቢና ናት፤ ሞተሯ ስሪ ኤል፣ 2.8። ዲ ፎር ዲ የሚባለውን አዲሱን ሞተር የያዛችሁ ይህን አትከተሉ። የናንተ አሠራር ሌላ ነው።

እነዚህ የድሮ ሞተሮች ከሰልባትዮ (ከናፍጣ ታንከሩ) ናፍጣ የሚገፋላቸው ፖምፓ የላቸውም። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፖምፓ ናት ከኋላ ድረስ የምትስበው። ፊልትሮው ላይ ያለችው የእጅ ፖምፓ ሥራዋ አየር ማስወጣት ብቻ ነው። ስለዚህ የናፍጣው መስመር ላይ የተሰነጠቀ ጎማ (ቱቦ) ወይም የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ሲኖር ናፍጣ አይንጠባጠብም። አየር ነው የሚገባው። ከሥር ገብታችሁ ብታዩ ሁሉም ደረቅ ነው። ሌሊቱን ናፍጣው ተንሸራቶ ወደ ሰልባትዮ ይመለሳል። ጠዋት መኪናዋ ዋናው ፖምፓ ውስጥ በቀረችው ጠብታ ትነሳና ሦስት ሰከንድ ሠርታ ቀጥ ትላለች። ከዚያ ቦኔት ከፍቶ ሠላሳ ጊዜ በእጅ መጫን ነው።

የኛ ሀገር ከፍታም አለበት። ፖምፓ ስቦ አመጣ የምንለው፣ ውጭ ያለው የአየር ግፊት ናፍጣውን ስለሚገፋለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካሉት ከተሞች፣ ለምሳሌ ከጅቡቲ፣ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጣርማ በር ላይ ከዚያም ያንሳል። ቆላ ላይ ምንም የማትል መኪና ደጋ ስትወጣ ጉልበት የምታጣው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ኤሌትሪኩ ፖምፓ ሰልባትዮው አጠገብ ሲታሰር ግን መስመሩ ከመሳብ ወደ መገፋት ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳ ካለ ናፍጣው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ታዩታላችሁ፣ ትጠግኑታላችሁ። እኔ ለዚህ ብቻ ብዬ እንኳ እገዛዋለሁ።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ፈተና አለ። ዋጋው የአንድ ሜትር ተኩል ጎማ ነው። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ወደ ዋናው ፖምፓ የሚገባውን ጎማ ከጀሪካኑ አገናኙ፣ የመመለሻውንም እዚያው ጀሪካን ውስጥ ክተቱ። አየሩን አስወጥታችሁ አስነሱ፣ አሳድሯት፣ ጠዋት ደግማችሁ አስነሱ። በጀሪካን አምራ ከሠራች ችግሩ ከኋላ ነው፤ ኤሌትሪክ ፖምፓ ይጠቅማታል። በጀሪካንም እንደዚያው ካስቸገረች ወይ ካንዴሌታው (ሲነሳ ሞተሩን የሚያሞቀው) ነው፣ ወይ ዋናው ፖምፓ ደክሟል። ያኔ የዓለም ምርጡን ኤሌትሪክ ብትገዙላት ብሩን ጣላችሁት ማለት ነው። ከደወሉልኝ አራት ሰዎች አንዱ ይህን ሞክሮ ችግሩ ሁለት የተቃጠሉ ካንዴሌታዎች ሆነው ተገኙ። ፖምፓ አልገዛም።

አሁን ወደ ብሩ። የምጽፈው እኔ የከፈልኩትን ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ። ግን የአንዱ ከሌላው ያለው ርቀት ብዙም አልተለወጠም።

መጀመሪያ የገዛሁት ኮፒ የእጅ ፖምፓ ነበር፣ 1,400 ብር። አምስት ወር አገለገለችኝ። ውስጧ ያለችው ጎማ ተቀደደችና ከላይ፣ ከምንጫነው ቦታ፣ አየር መሳብ ጀመረች። ሁለተኛዋን 1,700 ገዛሁ፣ እሷም አልከረመችም። ኦሪጅናሏን 7,500 ሲሉኝ ደንግጬ ጥዬ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ያን ቀን መግዛት ነበረብኝ።

ከዚያ ኤሌትሪክ ልግባ አልኩ። መርካቶ ከአንድ ሱቅ አራት ማዕዘን የሆነችውን ትንሽ ፖምፓ በ2,200 ብር አመጣሁ። ካርቶኑ ላይ የአሜሪካ ስም ታትሞበታል። ማስገቢያ 1,000 ብር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። በአራተኛው ወር ድምፁ ተቀየረ፣ አንድ ጠዋት ጭራሽ ዝም አለ። ባለሱቁ «ዋስትና የለውም» አለኝ። ሌላ ቦታ ተመሳሳዩን በ1,900 አገኘሁና እንደገና 1,000 ብር ከፍዬ አስገባሁ።

ያ ሁለተኛው ነው ጣርማ በር ላይ የጣለኝ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ እየወጣሁ ነበር። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው ዳገት መኪናንም ሰውንም ይፈትናል። ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ጉልበቷ ወረደ፣ ተንተባተበች፣ ቆመች። ፖምፓው ውስጡ ተጣብቆ ኖሯል። ራሱ አይገፋ፣ ዋናው ፖምፓ በውስጡ ስቦ እንዲያሳልፍ አይፈቅድ። እዚያ ብርድ ላይ አደርኩ። ጠዋት ተጎትቼ አዲስ አበባ ገባሁ፣ 9,000 ብር። አንድ ሰው ፖምፓውን ፈትቼ ሁለቱን የጎማ ጫፎች በቁራጭ ቱቦ እንዳገናኝ ቢነግረኝ ኖሮ በራሴ ጉልበት እገባ ነበር። የዚያን ጊዜ አላውቅም። ሽንኩርቱም በአንድ ቀን ዘግይቶ ገበያ ደረሰ፣ እሱን አልቆጥረውም።

የቆጠርኩትን ልደምረው። ሁለት ኮፒ የእጅ ፖምፓ 3,100። ሁለት ኮፒ ኤሌትሪክ 4,100። ማስገቢያ 2,000። መጎተቻ 9,000። በጠቅላላ 18,200 ብር ወጣ፣ እጄ ላይ የቀረ ነገር ግን የለም።

ኦሪጅናሉን በ2017 ዲሲ ያለ ዘመዴ በሰው ላከልኝ። ፋሴት የሚባለው ነው፣ ኒውዮርክ ግዛት ኤልማይራ አካባቢ የሚሠራው። 62 ዶላር ተገዛ፣ በወቅቱ ምንዛሬ ወደ 8,000 ብር። ሪሌ 350፣ ፊውዝ ከነመያዣው 150፣ ሦስት ሜትር የናፍጣ ጎማ 840፣ ስምንት ፋሼታ 320፣ ከፖምፓው በፊት የምትገባ ትንሽ ፊልትሮ 250፣ የዘይት ግፊት ስዊች 900። ማስገቢያ 1,500። ሲደመር 12,310 ብር። ከኮፒው መንገድ በ5,890 ብር ይረክሳል። እስካሁንም ድምፁ አልተቀየረም።

ኮፒና ኦሪጅናል በዓይን ለመለየት አትሞክሩ። ካርቶኑን አሳምረው ነው የሚሠሩት። በጆሮ ለዩት። ኦሪጅናሉ ባዶውን ሲነሳ ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ ይላል። ናፍጣ ሲሞላና ግፊት ሲይዝ ምቱ ይዘገያል። ባለሱቁን ባትሪና ትንሽ ናፍጣ ጠይቁት። ፖምፓው እየሠራ የመውጫውን ጎማ በጣታችሁ ጨብጡት። ምቱ ከዘገየ ግፊቱን ይዟል ማለት ነው። እኔ የገዛኋቸው ሁለቱም ኮፒዎች ቢጨበጡም ባይጨበጡም ያው ነበሩ። አስፈትኖ የማይሸጥ ሱቅ ካጋጠማችሁ ሂዱ፣ ሱማሌ ተራ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ሁለተኛው የምታዩት ነገር የግፊት ቁጥሩ ነው። ለነዚህ ሞተሮች ከ4 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ባያልፍ ይመረጣል። ይህን የምለው ያየሁት ነገር ስላለ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ጠንካራ ነው» ተብሎ የቤንዚን መኪና ሰልባትዮ ውስጥ የሚገባውን ፖምፓ አስገቡለት። እሱ የሚገፋው ወደ 3 ባር ነው፣ 43 ፒ.ኤስ.አይ መሆኑ ነው። ከሚያስፈልገው ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። መኪናዋ ገና በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለች እንደ ድንጋይ ወፍጮ መንኳኳት ጀመረች። ይዘናት አንድ ሽማግሌ ፖምፒስታ (የናፍጣ ፖምፓ ሠራተኛ) ጋ ሄድን። ቦኔቱን ሳይከፍቱ አዳምጠው፣

«ልጄ፣ ማን ነው ይቺን የሚገፋት?» አሉ።

«ኤሌትሪክ ፖምፓ አስገብተንላት ነው፣ ጋሼ።»

«አውጡት፣ ዛሬውኑ።»

ያስረዱን ይህን ነው። ዋናው ፖምፓ ናፍጣ የሚረጭበትን ሰዓት የሚያስቀድመው በውስጡ ባለው ግፊት ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ግፊቱ ይጨምራል፣ መርጨቱም ይቀድማል። ከውጭ ግፊት ሲጨመርበት ሞተሩ ቀስ እያለም የሚፈጥን ይመስለውና ያለጊዜው ይረጫል። መንኳኳቱ ያ ነው። በዚያ ላይ ያረጁት የፖምፓው ጎማዎች ላብ ማውጣት ጀምረው ነበር። ጓደኛዬ ጎማዎቹን አስቀይሮ ተረፈ። ዋናውን ፖምፓ ሙሉ ማሠራት ምን ያህል እንደሆነ የጠየቀ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም።

የባትሪውንም ነገር ልንገራችሁ። ሃይሉክሷ 12 ቮልት ናት። አንዳንድ ላንድክሩዘርና አብዛኛው አይሱዙ የጭነት መኪና 24 ነው። ሁለቱም ዓይነት ፖምፓ ገበያ ላይ አለ፣ መልካቸው አንድ ነው። ጽሑፉን ሳታዩ አትክፈሉ።

አገባቡ ላይ የማልደራደርበት ጥቂት ነገር ነው። ፖምፓው ከኋላ፣ ሰልባትዮው አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ይታሰር። ሞተር ክፍል ውስጥ የሚያስሩ አሉ፣ መሳቡን ስለሚያስቀረው አይደለም፣ ሽቦ ስለሚያጥር ነው። ያኔ ከኋላ ያለው ቀዳዳ አየር መሳቡን አያቆምም። ከፖምፓው በፊት ፊልትሮ ይግባ። ከጀሪካን ናፍጣ የምትቀዱ ሁሉ ምን ቆሻሻ እንዳለበት ታውቁታላችሁ። ሽቦው በሪሌና በ5 አምፔር ፊውዝ ይምጣ። ይህ ፖምፓ ከሁለት አምፔር በታች ነው የሚበላው፣ ትልቅ ፊውዝ አያስፈልገውም።

የዘይት ግፊት ስዊቹን ብዙ መካኒክ «ምን ያደርጋል» ይላል። መኪና ተገልብጦ ቁልፉ ሳይዘጋ ቢቀር፣ በቀጥታ የታሰረ ፖምፓ በተቀደደው ቱቦ ናፍጣ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ስዊቹ ካለ ሞተሩ ሲቆም ፖምፓውም ይቆማል። ሞተሩ ሳይነሳ መስመሩን ለመሙላት ደግሞ ከመሪው ሥር አንዲት የምትጫን ቁልፍ አስቀጥሉ። እኔ ጠዋት አሥር ሰከንድ እጫናታለሁ፣ ከዚያ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እመታለሁ። ፊልትሮ ስቀይርም በእጅ መጫን ቀርቷል።

የእጅ ፖምፓዋን ግን አታውጧት። ባለችበት ትቀመጥ። እኔ ኦሪጅናሏን በኋላ ገዝቼ አስገብቻታለሁ፣ ያኔ 8,200 ገብታ ነበር። ከመቀመጫው ኋላ ደግሞ ሠላሳ ሳንቲሜትር ቱቦ፣ ሁለት ፋሼታና አንድ ካቻቪቴ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ጣርማ በርን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ፌስታሉ እስካሁን አልተፈታም።