ለአንድ ቤት አንድ ሲም፦ ሆትስፖት፣ ማይፋይ ወይስ ራውተር?

ጎንደር ማራኪ ያለው ቤታችን ውስጥ አምስት ሰው በአንድ የዳታ ጥቅል ነው የምንጠቀመው። ድሮ የሚያከፋፍለው የኔ ስልክ ነበር። አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ ሄጄ እህቴ ደወለችልኝ፤ አሳይመንቷ ግማሽ ላይ ቆሟል። ኢንተርኔቱን በኪሴ ይዤው ወጥቼ ነበር!

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት «ስንት ፍጥነት አለው?» ከማለት ይልቅ «ቤት ያለ ሰው ሁሉ ካለበት ሆኖ ኢንተርኔቱን ማብራትና ማጥፋት ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተደወለ በሚገናኝበት ዘመንም ጉዳዩ ይኸው ነበር። ሞደሙ (ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) ያለበት ኮምፒውተር መስመሩን ለሌሎቹ ያካፍላል፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ካሉበት ሆነው መስመሩን እንዲከፍቱና እንዲዘጉ ይፈቅድ ነበር። በ56 ኪሎቢት ሞደም 100 ሜጋባይት ለማውረድ 4 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ መስመሩ ለማን እንደተከፈተ ማወቅ ግድ ነበር።

የስልክ ሆትስፖት ወጪ የለውም፣ ግን የሚያዘው ስልኩን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ባትሪም ይጨርሳል። ብቻውን ለሚኖር ተማሪ በቂ ነው።

ማይፋይ፣ ማለትም ሲም የሚገባበትና የራሱ ባትሪ ያለው ትንሽ የኪስ ዋይፋይ ላይ፣ ነገሩ ይለወጣል። የሁዋዌን ኢ5573 ብንወስድ፣ ከዋይፋዩ ጋር የተገናኘ ማንኛውም ስልክ ብሮውዘር ላይ 192.168.8.1 ብሎ ይገባል። እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ ዳታውን ታጠፋለች፣ ማታ ማን እንደተገናኘ ታያለች፣ የጥቅሉን መልእክት እዚያው ታነባለች። እስከ 16 ሰው ያስተናግዳል። ባትሪው 1500 ሚሊአምፕ-ሰዓት ስለሆነ ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይቋረጥም። የመግቢያውን ፓስወርድ ግን የተገዛ ዕለት ቀይሩት፤ ካልቀየራችሁት ዋይፋዩን ያገኘ ጎረቤት ሁሉ አዛዥ ይሆናል።

እንደ ሁዋዌ ቢ310 ያለው፣ ሲም የሚቀበል የቤት ራውተርም የሚታዘዘው በዚሁ ገጽ ነው። እስከ 32 ሰው ይይዛል፣ ዴስክቶፕ በኬብል ይቀበላል። ተከራይ ለበዛበት ግቢ እሱን እመርጣለሁ። ባትሪ ስለሌለው ግን 12 ቮልት የሚሰጥ መጠባበቂያ አብራችሁ ግዙ፤ ያለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይሄዳል።

ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት ምርጫዬ ማይፋይ ነው።

ከአዘዞ ሆኜ የቤቱን ላዝዘው ለሚል ግን አንዳቸውም እንዲሁ አይሆኑም። የሞባይል ሲም አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ የለውም። ቤት ባለ ኮምፒውተር በኩል ቢገቡ እንኳ፣ ዳታውን አንዴ ካጠፉት መልሶ የሚያበራው ቤት ያለ ሰው ነው።

ፒያሳ ስትገዙ የራሳችሁን ሲም ይዛችሁ ሂዱ። ከውጭ የመጡት አንዳንዶቹ ለአንድ ኩባንያ የተቆለፉ ናቸው። ሻጩ ፊት ሲሙን ክተቱ፣ ገጹን በስልካችሁ ክፈቱ፣ ዳታውን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ከዚያ ክፈሉ።