ለአሰልጣኝ ዴዚሬ ኤሊስ ምስጋና፣ አሰልጣኝ ለምትፈልጉ ክለቦች ደግሞ ጥቆማ

ይህ ምስጋና የሚሄደው ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ለአገሪቱ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን (ባኛና ባኛና) ዋና አሰልጣኝ ለዴዚሬ ኤሊስ ነው። ጥቆማው ግን ለአገር ቤት ነው። ለሴቶች ቡድናችሁ አሰልጣኝ እየፈለጋችሁ ያላችሁ የክለብ ኃላፊዎች፣ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዋንጫማ አላት። በ2022 ራባት ላይ አስተናጋጇን ሞሮኮን 2 ለ 1 አሸንፋ የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫን ወስዳለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ)ም በ2018፣ በ2019፣ በ2022 እና በ2023 የዓመቱ ምርጥ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ አድርጎ መርጧታል። እኛን ይበልጥ ያስደሰተን ግን እዚያ የደረሰችበት መንገድ ነው፤ ተጫዋች፣ ረዳት፣ ጊዜያዊ፣ ከዚያ ዋና። አንዱንም ደረጃ አልዘለለችም።

ዴዚሬ የኬፕ ታውን ልጅ ናት፤ የተወለደችው በ1963 ነው። አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከዓለም እግር ኳስ ተገልላ ስለነበር ብሔራዊ ማሊያ የለበሰችው 30 ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። ባኛና ባኛና በ1993 የመጀመሪያ ጨዋታውን ከስዋዚላንድ ጋር አድርጎ 14 ለ 0 ሲያሸንፍ አማካይዋ ዴዚሬ ሦስት አገባች። ለብሔራዊ ቡድን ብላ የእንጀራ ሥራዋን ያጣች ተጫዋች ናት። አምበል ሆና እስከ 2002 ተጫውታ ጫማዋን ሰቀለች። በከተማዋ ስፐርስ በሚባለው የሴቶች ክለብ ተጫውታለች፣ አሠልጥናለችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ2014 ኔዘርላንዳዊቷ ቬራ ፓው ብሔራዊ ቡድኑን ስትረከብ ዴዚሬ ረዳት ሆነች። የ50 ዓመት ሴት፣ የቀድሞ አምበል፣ ረዳት! ብዙ ሰው እንደ ውርደት ያየዋል፤ እሷ ግን እስከ ሪዮ ኦሊምፒክ ድረስ ሠራችበት። ከ2016 ኦሊምፒክ በኋላ ፓው ስትሄድ ጊዜያዊ አሰልጣኝ ተባለች፤ ሹመቱ የጸናላት በ2018 ነው። ያ ሁሉ ጊዜ በ“ጊዜያዊ” ስም ሲያልፍ በ2017 የደቡባዊ አፍሪካን ዋንጫ አንስታ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። በ2018 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከናይጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያይታ በመለያ ምት ተሸነፈች። በ2019 ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ ወሰደችው፤ በስፔን፣ በቻይናና በጀርመን ተሸንፎ ያለ ምንም ነጥብ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በኦሊምፒክ ማጣሪያ ቦትስዋና በመለያ ምት ጣለቻት። እኛ አገር ቢሆን የመሰናበቻ ደብዳቤው ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ይደርስ ነበር። እነሱ አቆዩዋት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዋንጫው መጣ።

ያ ዋንጫ በቀላሉ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ዋነኛዋ አጥቂ ቴምቢ ካትላና በምድብ ጨዋታ የተረከዝ ጅማቷ ተበጥሶ ከውድድሩ ወጣች። በአንዲት ኮከብ ላይ የተሠራ ቡድን እዚያው ይፈርሳል። ይሄኛው ግን ሩብ ፍጻሜውንም ግማሽ ፍጻሜውንም 1 ለ 0 አልፎ፣ በፍጻሜው ሂልዳ ማጋያ በ63ኛውና በ71ኛው ደቂቃ አስቆጠረች።

የ2023ቱ ዓለም ዋንጫ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ተጫዋቾቹ በክፍያና በሜዳ ጉዳይ ከፌዴሬሽናቸው ጋር ተጋጩ። ከቦትስዋና ጋር የነበረውን የወዳጅነት ጨዋታ ትተው፣ በምትካቸው በችኮላ የተሰበሰበ ቡድን ገብቶ 5 ለ 0 ተሸነፈ። በእንዲህ ያለ ሰሞን አሰልጣኝ በአለቃና በተጫዋች መካከል ትቆማለች። ማሊያው ሥራዋን ያስከፈላት ሰው ልጆቹ ምን እንደሚሉ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

ከጣሊያን ጋር ያደረጉትን ጨዋታ ያላያችሁ እዩት። ደቡብ አፍሪካ ለማለፍ ማሸነፍ ነበረባት፤ አቻ ቢወጡ ኖሮ የምታልፈው ጣሊያን ነበረች። በ67ኛው ደቂቃ ካትላና ለማጋያ አቀበለች፣ ማጋያ አገባች፤ 2 ለ 1። ጣሊያን በ74ኛው 2 ለ 2 አደረገች። በ92ኛው ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ማጋያ አቀበለች፣ ካትላና አገባች። 3 ለ 2፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ማለፍ። ሁለት አጥቂዎች እንዲህ ቦታና ሚና የሚለዋወጡት በአንድ ሳምንት ዝግጅት አይደለም፤ ለዓመታት በአንድ አሰልጣኝ ስር ስለቆዩ ነው።

ጥቆማ ስንሰጥ ጉድለቱንም መናገር አለብን። ቡድኗ መጨረሻ ላይ ይከፈታል። በዚያው ዓለም ዋንጫ ስዊድን በ90ኛው ደቂቃ አሸነፈቻት፤ አርጀንቲናን 2 ለ 0 እየመራች በ74ኛውና በ79ኛው ሁለት ተቆጠረባት። በ2025 በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜም ናይጄሪያ በባከነ ሰዓት አስቆጥራ አስወጣቻት። በዋና አሰልጣኝነቷም ወደ ኦሊምፒክ አልደረሰችም።

እንግዲህ ለክለቦች። የእኛ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ሉሲዎቹ፣ በ2004 እዚያው ደቡብ አፍሪካ ላይ የአፍሪካ አራተኛ ሆነው ነበር፤ ለሦስተኛነት ከጋና ጋር ተጫውተው የተሸነፉትም በመለያ ምት ነው። ያኔ የ20 ዓመት ልጅ የነበረች ዛሬ 40ን አልፋለች፤ የአሰልጣኝነት ወርቅ ዕድሜ ነው። ከእነሱና ከኋላቸው ከመጡት መካከል ፈልጉ።

ስትቀጥሩ ግን ስም ብቻ አይታችሁ ዋና አሰልጣኝ አታድርጓት። ጎበዝ የነበረች ተጫዋች ብዙ ጊዜ ኳሷን ራሷ ታሳያለች እንጂ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አትናገርም፤ ልጆቹም ማየት እንጂ መድገም አይችሉም። መጀመሪያ ሁለት የውድድር ዘመን ረዳት ትሁን። እዚህ ላይ ክለቦች የሚሠሩት ስህተት አለ፤ ሴት ረዳት ይቀጥሩና የካምፕ እናት ያደርጓታል። ማሊያ ትቆጥራለች፣ ውኃ ታቀርባለች፣ የታመመች ልጅ ሐኪም ቤት ትወስዳለች፤ ታክቲክ ሲወራ በር ላይ ናት። ሥራዋን በውሉ ላይ በጽሑፍ አስፍሩላት፦ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ልምምድ በራሷ ትምራ፣ የቆመ ኳስ (የማዕዘንና የቅጣት ምት) ሙሉ በሙሉ የእሷ ይሁን፣ የተጋጣሚን ጨዋታ አይታ ለቡድኑ እሷ ታስረዳ። የካፍ የአሰልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ተነስቶ በሲ፣ በቢ፣ በኤ እስከ ፕሮ ይወጣል፤ የኮርሱን ክፍያና ለኮርሱ ከሥራ የምትቀርባቸውን ቀኖች ክለቡ ይቻል። ከዲ ወዲያው ወደ ኤ የሚዘለል ነገር የለም።

ዋና ስታደርጓት ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ። የአንድ ዓመት ውል ያላት አሰልጣኝ የ17 ዓመት ልጅ አታሰልፍም፤ ውጤቱ ነገ ስለሚፈለግ የደከመችውን ነባር ተጫዋች ታቆያለች።

አሰልጣኝ ዴዚሬ፣ እናመሰግናለን። የጣሊያኑን ጨዋታ ልታዩ የምትቀመጡ ደግሞ ጊዜ ካጠራችሁ ከ60ኛው ደቂቃ ጀምሩት፤ ኳሱን ትታችሁ ካትላናና ማጋያ ኳስ በሌላቸው ጊዜ የሚሄዱበትን ተከተሉ።