ከዞጲና ከብር የተሠራ የእጅ አምባር

በእጅ የተሠራን ጌጥ ጥራት ለመመዘን መጀመሪያ መታየት ያለበት እንጨቱና ብሩ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም እንጨት የአየሩን እርጥበት እየሳበና እየለቀቀ ሲያብጥና ሲኮማተር፣ ብር ግን በእርጥበት መጠኑን አይቀይርም። የዚህ አምባር ሠሪ በማጣበቂያ ብቻ ሳይወሰን ዞጲውን፣ ማለትም ጥቁሩን እንጨት፣ ከብሩ ጋር በቀጫጭን የብር ሚስማሮች አያይዞታል፤ ጥፍሬን በመጋጠሚያው ላይ ባሳልፈውም የሚይዘው ጠርዝ አላገኘሁም። በእውነት የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ዞጲው ጥቅጥቅና ከባድ በመሆኑ ያለ ቫርኒሽ፣ በሰም ብቻ ተወልውሎ ያበራል።

ብሩ 925 የሚል ምልክት አለው፤ ይህም ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ የሆነ ቅይጥ ማለት ነው። ንጹሕ ብር ለአምባር ስለሚለሰልስ ምርጫው ትክክል ነው፤ በጊዜ ብዛት ቢጠቁርም በለስላሳ ጨርቅ ሲወለወል ይመለሳል። በመሃል የተለበጠው የዛጎል ቅርፊት ግን በጣም ስስ ነው። ዛጎል በአሲድ የሚበላ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤና ከሽቶ መራቅ አለበት፤ ይህን የሚያስረዳ ወረቀት አብሮ አለመቅረቡ ጉድለት ነው።

ከሁሉም በላይ ቅር ያሰኘኝ የእንጨቱ ምንጭ አለመገለጹ ነው። ዞጲ እጅግ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ሲሆን፣ የማዳጋስካር ዞጲ ንግድም ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ባለሙያ እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠ በአንድ መስመር ቢጽፍ፣ አምባሩን ያለምንም ማመንታት ለወዳጆቼ ሁሉ እመክር ነበር።